የቤት መኪና ተሳቢ ሲጎትት፦ ብየዳ ቤት ከመግባት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው

አዲስ አበባ፦ ከጅቡቲ ወደብ ጭነው የሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ርእሰ ከተማዋ የሚገቡት በአብዛኛው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው ተሳቢ የሚለው ቃል ማብራሪያ አያሻውም። ባለ ተሳቢ መኪናዎች በመንገድ ዳር ተደርድረው ጎማቸው ሲፈታ፣ ባላስትራቸው ሲቀየር፣ ሻንሲያቸው ሲበየድ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስለዚህም የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ለአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የተሳቢ ማያያዣ ሠርቶ መግጠም ቀላል ሥራ መስሎ ቢታየው አያስገርምም። ብረቱ አለ፤ የብየዳ መሣሪያው አለ፤ ልምዱም አለ። ችግሩ ያለው ከመኪናዋ በኩል ነው።

የፍላጎቱ ምንጭ ግልጽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ ዶሮ ወይም የወተት ላም የሚያረባ፣ ከከተማ መኖና ጭድ የሚያመላልስ ሰው ጭነቱ ለአይሱዙ ያንሳል፤ ለመኪናው ሻንጣ ማስቀመጫ ደግሞ ይበዛል። ለሦስትና ለአራት ኩንታል አይሱዙ መከራየት ትርፉን ይበላዋል። ከኋላ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ ብትኖር ነገሩ ሁሉ የተቃለለ ይመስላል። በብዙ አገሮችም ይህ የተለመደ አሠራር ነው። የሚያስኬደው ግን ማያያዣው ለመኪናዋ ዐቅም ተለክቶ ሲሠራ ብቻ ነው።

አይሱዙ፣ ሃይሉክስ ፒክአፕ ወይም የቆየ ላንድ ሮቨር ከሥሩ ሲታይ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች አሉት፤ ሻንሲ የሚባለው ይኸው ነው። ሞተሩም፣ ጋቢናውም፣ የጭነት ሳጥኑም የሚቀመጡት በእርሱ ላይ ስለሆነ ከኋላ የሚታሰር ነገር ጉልበቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይም ሱዙኪ ዲዛየር ግን እንዲህ ያለ ሻንሲ የላቸውም። አካላቸው ተጣጥፎ በተበየደ ላሜራ የተሠራ አንድ ሳጥን ነው፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተደጋግፈው ነው ጥንካሬ የሚሰጡት። ከሻንጣ ማስቀመጫው ሥር በግራና በቀኝ የሚታዩት ሳጥን መሰል ብረቶች ሻንሲ ቢመስሉም ውስጣቸው ባዶ ነው፤ የላሜራቸው ውፍረትም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት በትንሽ መኪና ላይ ማያያዣው ራሱ ሲሰበር እምብዛም አይታይም። የሚቀደደው የታሰረበት ላሜራ ነው። ሞፈርን ከቀንበር የሚያያይዘው ምራን የቱንም ያህል ቢጠነክር ቀንበሩ ስንጥቅ ካለበት እንደማይረባ ገበሬ ያውቃል፤ የመኪናውም ነገር ከዚህ አይለይም። ወፍራም ብረት በቀጭን ላሜራ ላይ መበየድ ለዐይን አስተማማኝ ይመስላል እንጂ ድካሙን ወደማይታይ ቦታ ማዛወር ነው።

ከብረቱ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ የክብደት ጥያቄ ነው። መልሱ በመጀመሪያ የሚፈለገው በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አምራቹ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ እንዲሁም በማያያዣው ላይ ወደ ታች ለሚያርፈው ክብደት የተለያየ ወሰን ያስቀምጣል። መጽሐፉ መጎተት አይፈቀድም ካለ ወይም ስለመጎተት ምንም ቁጥር ካልሰጠ፣ የማያያዣው ሐሳብ እዚያው ላይ ቢቆም ይሻላል። በአውሮፓ ደንብ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽም ማለፍ የለበትም። 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና እንግዲህ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ አትጎትትም ማለት ነው። ደንቡ የአውሮፓ ይሁን እንጂ ክብደት በአቃቂም ያው ክብደት ነው።

እዚህ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት 500 ኪሎ ግራምን አምስት ኩንታል ጭነት አድርጎ መቁጠር ነው። ከማዕዘን ብረትና ከላሜራ የተሠራችው ተሳቢ ባዶዋን 150 ኪሎ ግራም ብትመዝን ለጭነት የሚቀረው ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። ብረቱ በወፈረ ቁጥር ጭነቱ ያንሳል፤ በመሆኑም የጭነት መኪና ሠሪ ልማድ የሆነው አብዝቶ ማጠናከር እዚህ ላይ ጉዳት አለው። ውኃ የሚያመላልሱ ሰዎች ደግሞ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም መሆኑን ማስታወስ ይኖርባቸዋል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ ለቤት መኪና ፈጽሞ አይታሰብም። በግማሽ የተሞላ ሮቶም ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ውኃው ወደ ፊት፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ እየተንገዋለለ መኪናዋን ይገፋታል፤ ይስባታልም። ከደረቅ ጭነት የባሰ ነው።

የጭነቱ አቀማመጥ ከመጠኑ ባልተናነሰ ያሳስባል። ይህን ከጋሪ ነጂ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ጭነት ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ወደ ላይ ተነሥቶ ፈረሱን በሆዱ ጠፍር ያንጠለጥለዋል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ጀርባውን ይጫነዋል። ነጂው ጆንያውን አንድ ክንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ገፍቶ ሚዛኑን ያስተካክላል። በመኪናም ዘንድ ከተሳቢዋ ጠቅላላ ክብደት ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ በማያያዣው ላይ ወደ ታች እንዲያርፍ ይመከራል፤ አውሮፓውያን ከዚህ ጥቂት ያነሰውን ይቀበላሉ። ለ500 ኪሎ ግራም ተሳቢ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ እጅግ ካነሰ ተሳቢዋ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ እንደ እባብ መጥመልመል ትጀምራለች፤ አንዴ ከጀመረች ፍሬን በድንገት መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ነዳጁን ለቅቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ክብደቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰው የሚመዘንበት የቤት ሚዛን ላይ በማያያዣው ቁመት ልክ እንጨት አቁሞ የተሳቢዋን አፍ ማሳረፍ ይበቃል።

ያ 50 ኪሎ ግራም ግን በመኪናዋ ላይ ሲያርፍ 50 ሆኖ አይቀርም። ማያያዣው ከኋላ ጎማ ራቅ ብሎ ስለሚገጠም እንደ ምሳር ይሠራል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.5 ሜትር በሆነች መኪና ላይ ማያያዣው ከኋላ ጎማው መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢገጠም የኋላ ጎማዎች ላይ የሚጨመረው 66 ኪሎ ግራም ነው። ትርፉ 16 ኪሎ ግራም የተወሰደው ከፊት ጎማዎች ነው። ትንንሾቹ መኪናዎች አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚነዱና የሚዞሩ ስለሆኑ ጭቃ ላይና ዳገት ላይ ጎማው የሚሽከረከረው፣ መሪው የሚቀለው በዚህ ሰበብ ነው። ስለዚህ ማያያዣው ፓራውልቱን ለማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ጣትም እንኳ ባይረዝም ይመረጣል።

ወደ ሥራው ሲገባ መጀመሪያ ፓራውልቱ ይፈታል። ከሥሩ ያለው የግጭት መከላከያ ብረት የሚታሰርበት ቦታ፣ እንዲሁም አንዳንድ አምራቾች ለዚሁ ጉዳይ ብለው የሚተዉአቸው ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ይፈለጋሉ። በጃፓን ቪትዝ ተብላ የተሸጠችው መኪና በአውሮፓ ያሪስ ትባል ነበር፤ በዚያም ለእርስዋ ተብሎ የሚመረት ዝግጁ ማያያዣ አለ። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ማያያዣ ከተገኘ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ታርጋ ማንበብ ያዋጣል፤ የሚችለውን የመጎተት ኃይልና ወደ ታች የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል። ታርጋው የጠፋ ማያያዣ ያልታወቀ ብረት ነው። መኪናዋ ጭቃ ስትገባ ገመድ የሚታሰርባት ቀለበት ግን ለአንድ ጊዜ ማውጫ እንጂ ለተሳቢ አልተሠራችም።

ዝግጁው ካልተገኘ ባለሙያው ራሱ ይሠራል። ጥሩ በያጅ ብረት ከመቁረጡ በፊት ካርቶን ይቆርጣል፤ በግራና በቀኝ የሚቀመጡትን ሳህኖች ቅርጽ በካርቶን ለክቶ፣ የጭስ ማውጫውንና የትርፍ ጎማውን ቦታ አስተውሎ፣ ከዚያ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ለጎን ሳህኖቹ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ ለሚያገናኛቸው አግዳሚ ደግሞ 50 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ቱቦላሬ ለቀላል ተሳቢ የሚበቃ ነው። ብየዳው ሁሉ የሚፈጸመው በጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ በመኪናዋ ላይ አይደለም። ማያያዣው ተበይዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ በብሎን ይታሰራል።

በመኪናዋ አካል ላይ መበየድ የሚከለከልበት ምክንያት ብዙ ነው። ቀጭኑ ላሜራ በእሳቱ ይሳሳል፤ የዘመኑ መኪናዎች ብረት በልዩ ሙቀት የጠነከረ በመሆኑ እንደገና ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፤ ከዝገት የሚጠብቀው ሽፋንም ይቃጠላል። የተቃጠለው ደግሞ በባዶው ሳጥን ውስጠኛ ገጽ፣ ብሩሽ በማይደርስበት በኩል ነው። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ዝገቱ ከውስጥ ሊበላው ይችላል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። የነዳጅ ታንከሩም ብዙ ጊዜ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ከሥራው ቦታ ጥቂት ጋት ብቻ ርቆ ነው ያለው። በመኪናዋ አጠገብ ብየዳ የግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ መፈታት አለበት፤ አለበለዚያ ጉዳቱ ለኮምፒውተሯ ይተርፋል።

ብሎኑ የሚገባው ባዶ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ላሜራውን ጨፍልቆ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ መላላቱ አይቀርም። ይህን ለመከላከል በሳጥኑ ውስጥ በብሎኑ ዙሪያ ልኩ የሆነ አጭር ቧንቧ ይገባል፤ ኃይሉን የሚሸከመው ቧንቧው ይሆናል። ከላሜራው በስተጀርባ ደግሞ ከሮንዴላ ይልቅ ሰፋ ያለ የብረት ሳህን ይደረጋል። በእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ ይልቁንም ሦስት የመታሰሪያ ነጥቦች ቢኖሩና እርስ በርስ ቢራራቁ ጉልበቱ ይከፋፈላል። የተሰረሰረ ቀዳዳ ሁሉ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ፀረ ዝገት ይቀባል። ይህ ሁሉ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በሁለት ሰዓት ጨርሼ እሰጣለሁ የሚል ባለሙያ ከዚህ ውስጥ የዘለለው ነገር አለ።

የብሎኑ ዓይነትም ችላ የሚባል አይደለም። በራሱ ላይ 8.8 ተብሎ የተቀረጸበት ብሎን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 800 ኒውተን የሚደርስ ጉተታ እስኪበጠስ ይችላል፤ ከዚያ ሰማንያ በመቶው ላይ ሲደርስ መለጠጥ ይጀምራል። የማያያዣ ሥራ ከዚህ ባነሰ ብሎን አይሠራም። ከምናለሽ ተራ ተለቅሞ የመጣ፣ ቁጥር የሌለው ብሎን ለበር ይሆን ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። 8.8 የሆነ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ይህን የሚለካ ቁልፍ በደኅና ጋራዥ አይጠፋም፤ ዳዶውም እንዳይላላ ናይሎን ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

የከባድ መኪናዎች ተሳቢ የሚያያዘው በቀለበትና በወፍራም ፒን ነው። ለትንሽ መኪና ግን በዓለም ላይ የተለመደው ኳስ መሰል ማያያዣ ነው፤ ተሳቢዋ ወደ ጎንም ወደ ላይም ስትዞር ሳትላላ ትከተላለች። የአውሮፓው ኳስ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ ዐይን አይለየውም፤ ነገር ግን ለ50.8 የተሠራ አፍ በ50 ኳስ ላይ ልል ሆኖ ይቀመጣል፣ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ሊወጣም ይችላል። ኳሱና አፉ ከአንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ኳስን በቶርኖ ቤት ከማይታወቅ ብረት ማስጠረብ ወይም ከፌሮ የተጠመዘዘ መንጠቆ በምትኩ ማድረግ ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል የሌላ ሰው ሕይወት ላይ መቆመር ነው። መኪናዋ ጭነቷን ይዛ ስትቆም የኳሱ መካከል ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ተሳቢዋ ሳታዘነብል ትሄዳለች። ከኳሱ ሥር ደግሞ ሁለት ሰንሰለቶች እንደ መስቀል ተሻግረው ይታሰራሉ። ኳሱ ቢከዳ የተሳቢዋ አፍ በተሻገሩት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል፤ አስፋልቱን ቆፍሮ አይገለበጥም።

መብራት በኋላ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ግን ተሳቢዋ የመኪናዋን የኋላ መብራት ስለምትሸፍን ያለ እርሱ በማታ መንዳት አይቻልም። ባለ ሰባት እግር ሶኬት ግራና ቀኝ ፍሬቻን፣ ስቶፕን፣ የማታ መብራትንና የጋራ ነጌቲቭን ያስተላልፋል። ሁለት ባለ 21 ዋት የስቶፕ አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይጨምራሉ፤ በቆየ መኪና ላይ ፊውዝ ታይቶ በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል። መብራቷን በኮምፒውተር በምትቆጣጠር መኪና ላይ ግን ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ኮምፒውተሩን ያበላሻል፤ ከባትሪ የራሱን ኃይል የሚወስድ ማስተላለፊያ ያስፈልጋል። ነጌቲቩ በኳሱ ብረት በኩል ይመለሳል ብሎ ሽቦ መቆጠብ መብራቱ በየጉድጓዱ ብልጭ ድርግም እንዲል ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ በመሳሳቱ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ ከ55 ብዙም አትበልጥም፤ ያንን ይዛ ነው ተሳቢ የምትጎትተው። ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፤ አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቷ ይግላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ ማርሽ መቀነስ ይገባል፤ የአንድ ቶን መኪና ፍሬን አንድ ቶን ተኩል ሲያቆም ርቀቱም ሙቀቱም ይጨምራል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ለዚህ ፈታኝ ነው፤ መንገዱ ለስላሳ ስለሆነ ፍጥነቱ አይታወቅም። ጀርመን ከከተማ ውጭ ተሳቢ ለሚጎትት አውቶሞቢል በመደበኛነት የፈቀደችው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። በእጅ ለተሠራ ማያያዣ ከዚያ ማለፍ ድፍረት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ይህንኑ ጥያቄ ያነሣሉ። ለእነዚህ መልሱ ጠንከር ያለ ነው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ ኃይል ይሸከማሉ። አምራቹ ያላመለከተውን ቦታ መሰርሰር መኪናዋንም ሰውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ሕጉም አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ሁሉ ተመዝግቦና ተመርምሮ እንዲሄድ ያዝዛል። ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ የሚሰጠው ነው። በመሆኑም ብረቱ ከመገዛቱ በፊት በአዲስ አበባ ከተማ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቀርቦ ማያያዣውም ተሳቢዋም እንዴት እንደሚመዘገቡ መጠየቅ፣ ቦሎ ሲደርስ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል። የመድን ድርጅቱም ሊያውቅ ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ሳያሳውቁ መቆየት ግን ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ክርክር ያስነሣል። ያኔ በጆንያ ሽንኩርት የተጀመረው ጉዞ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ማያያዣው ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር፣ ጭነቱም ግማሽ ይሁን። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተሄደ በኋላ ብሎኖቹ በሙሉ በዚያው መለኪያ ቁልፍ እንደገና ይጠበቃሉ። ከሥር በመብራት ሲታይ በብሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ፣ ቀይ የዝገት ዱቄት ከተነፈሰ ወይም ላሜራው ጎርበጥ ካለ ተሳቢዋ እዚያው ትፈታለች፤ ጭነቱም በአይሱዙ ይሄዳል።